ከቤቱ ጋር የመጣ የኮይ ኩሬ፦ ለጀማሪ የአያያዝ መመሪያ

«ቤት ገዛን፣ ጓሮው የኮይ ኩሬ አለው፣ ሻጮቹ ዓሣዎቹን ትተውልን ሄዱ፤ አሁን ምን እናድርግ?» ኮይ ለጌጥ የሚያዝ ባለ ቀለም ዓሣ ነው፤ ይህ ጥያቄ ከሜሪላንድና ከሰሜን ቨርጂኒያ ደጋግሞ ይመጣል፤ የቤት ግዢ በሚደራበት ወቅት ደግሞ ይብሳል። መልሱ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ አንድ ላይ ተጽፏል። መመሪያው ውሃና ዓሣ ያለበትን ኩሬ ለተረከበ ሰው እንጂ ከቁፋሮ ለሚጀምር አይደለም።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችሁ በፊት፦ በመጀመሪያው ሳምንት ኩሬውን አታድርቁ፣ ግድግዳውን አትፈትጉ፣ ዓሣ አትጨምሩ። ኩሬው የተነጠፈበት ላስቲክ ላይ የተለጠፈው አረንጓዴና ቡናማ ልባስ ቆሻሻ ይመስላል፤ ነገር ግን የዓሣውን ኩስ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። አዲስ ባለቤቶች ቅዳሜ ቀን ፕሬሸር ዋሸር ተከራይተው ኩሬውን እንደ በረንዳ ያጥቡትና በቧንቧ ውሃ ይሞሉታል። ዓሣው ከቧንቧው ውሃ ቢተርፍ እንኳ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ስለሚሞት እጥበቱን የሚጠረጥር የለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ኪት። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) እና ኬኤች (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) የሚለካ ይሁን። የወረቀት ስትሪፕ ይረክሳል፤ ግን ብዙዎቹ አሞኒያን አይለኩም፣ እርጥበት ሲያገኛቸውም ይበላሻሉ።
- በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቴርሞሜትር።
- የክሎሪንና የክሎራሚን ማርከሻ፣ አሞኒያን ጭምር የሚያስረው ዓይነት።
- የአየር ፓምፕ፣ አየሩን በትንንሽ አረፋ ከሚበትኑ ሁለት የአየር ድንጋዮች ጋር።
- አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ የዓሣ መረብ። ጥልቅ መረብ ዓሣውን ጠቅልሎ ቅርፊቱን ይፍቀዋል።
- ሁለት ባለ 5 ጋሎን ባልዲ፣ ሳሙና ነክቷቸው የማያውቅ።
- የውሃ ጎማ ላይ የሚገጠም ሰዓት ቆጣሪ። ከዝርዝሩ ውስጥ ርካሹ ይህ ነው፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ቤኪንግ ሶዳ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ለኩሬ አይሆንም።
- ባለ 40 ፓውንድ ጨው፣ ያለ አዮዲንና ያለ ምንም ተጨማሪ። የውሃ ማለስለሻ ጨው መጠቀም ይቻላል፤ «ዝገት ያስለቅቃል» የሚል የተጻፈበትን ግን ተዉት።
- ለመኸር ቅጠል መከላከያ መረብ፤ ለብርዱ ደግሞ ዲአይሰር የሚባለው ተንሳፋፊ ማሞቂያ።

ደረጃ 1፦ ኩሬው ስንት ጋሎን እንደሚይዝ አስሉ

ማርከሻው፣ ጨዉ፣ መድኃኒቱ፣ ፓምፑ፣ የዓሣው ብዛት፣ ሁሉም የሚመዘነው በዚህ ቁጥር ነው። ግምታችሁ ከእውነተኛው እጥፍ ከሆነ መድኃኒትም እጥፍ ትጨምራላችሁ ማለት ነው።

ርዝመት × ስፋት × አማካይ ጥልቀት (ሁሉም በጫማ) × 7.5 = ጋሎን። ኩሬው ሞላላ ከሆነ ውጤቱን በ0.8 አባዙት። ለምሳሌ 10 ጫማ ርዝመት፣ 8 ጫማ ስፋት፣ በአማካይ 3 ጫማ ተኩል ጥልቀት ያለው ሞላላ ኩሬ 10 × 8 × 3.5 × 7.5 × 0.8 ማለት 1,680 ጋሎን ይይዛል፤ በሊትር ወደ 6,400 ገደማ። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች በዚህ ኩሬ የተሠሩ ናቸው፤ ለማሳጠር 1,700 ጋሎን እንበለው።

ለአንድ ትልቅ ኮይ ቢያንስ 250 ጋሎን አስቡ። በዚህ ስሌት 1,700 ጋሎን የሚችለው ስድስት ዓሣ ነው። ቆጥራችሁ አሥራ አምስት ካገኛችሁ ችግሩን ከቤቱ ጋር ወርሳችሁታል፤ ትርፉን ለሌላ የኩሬ ባለቤት ስጡ። ወደ ፖቶማክም ሆነ ወደ ማንኛውም ወንዝ ወይም ሐይቅ አትልቀቁ። ኮይ የካርፕ ዝርያ ነው፤ የወንዙን ወለል ቆፍሮ ያደፈርሳል፣ በሽታም ያስገባል፣ መልቀቁም በሕግ የተከለከለ ነው።

ደረጃ 2፦ ከመንካታችሁ በፊት ለኩ

ዓሣው በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ይለቃል። አንደኛው የባክቴሪያ ዓይነት አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይገድላሉ፤ ሦስተኛው በብዛት ካልተከማቸ አይጎዳም። ኪቱ የሚነግራችሁ ይህ ሰንሰለት የት ላይ እንደተበጠሰ ነው።

- አሞኒያ፦ 0። ከ0.25 ፒፒኤም (በአንድ ሊትር ውሃ 0.25 ሚሊግራም) ካለፈ እርምጃ ውሰዱ።
- ናይትራይት፦ 0። ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ዓሣው ይታፈናል።
- ናይትሬት፦ ከ40 ፒፒኤም በታች።
- ፒኤች፦ ከ7.0 እስከ 8.5፣ ዋናው ግን አለመዋዠቁ ነው።
- ኬኤች፦ ቢያንስ 100 ፒፒኤም።

ጀማሪዎች የሚዘሉት ኬኤችን ነው፤ እኛ ግን ቶሎ ቶሎ የምንለካው እሱን ነው። ኬኤች ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት ስንቅ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ይህን ስንቅ ይበላሉ፣ ዝናብም ያቀጥነዋል። ሲያልቅ ፒኤች በአንድ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል፤ ማታ ደህና የነበረው ኩሬ ጠዋት ዓሣው አንድ ጥግ ላይ ተኮማትሮ ይገኛል። በ1,700 ጋሎን ውስጥ አንድ ፓውንድ ቤኪንግ ሶዳ (454 ግራም) ኬኤችን በ40 ፒፒኤም ገደማ ከፍ ያደርጋል። በባልዲ አሟሙታችሁ ፏፏቴው ወይም የአየር ድንጋዩ አጠገብ አፍስሱት፤ በቀን ከአንድ ፓውንድ አትለፉ።

አሞኒያ ካለ ግን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። አሞኒያ መርዝነቱ ከፒኤች ጋር ይጨምራል፤ ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ መጀመሪያ አሞኒያውን በውሃ ቅየራና በማርከሻ አውርዱ፣ ኬኤችን ከዚያ በኋላ አስተካክሉ።

በመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ለኩ። ፒኤችን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩ፤ ቀን ላይ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስድ ማታ የሚገኘው ቁጥር ከጠዋቱ ከፍ ይላል። ውሃው ጥርት ማለቱ አያታላችሁ፤ አሞኒያ አይታይም።

ደረጃ 3፦ የቧንቧ ውሃችሁን እወቁ

«ውሃውን በባልዲ አሳድረው፣ ክሎሪኑ ይተናል» የሚለው ምክር በብዙ ቦታ ይሠራል፤ እዚህ ግን አይሠራም። የዲሲ፣ የአርሊንግተንና የፌርፋክስ ካውንቲ የቧንቧ ውሃ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን ደግሞ የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ ስለሆነ አድሮም አይተንም። በብርዱ መጨረሻና በጸደይ ለተወሰኑ ሳምንታት መስመሩን ለማጽዳት ወደ ተራ ክሎሪን ይቀይሩታል። መቼ እንደሚቀየር ማሳደድ አያስፈልግም፤ ዓመቱን ሙሉ ለሁለቱም የሚሆን ማርከሻ ተጠቀሙ።

ርካሹ ማርከሻ የሚሠራው ከሶዲየም ታዮሰልፌት ብቻ ነው። ክሎራሚኑን ሰብሮ ክሎሪኑን ያጠፋል፣ አሞኒያውን ግን ውሃው ውስጥ ይተወዋል። ጠርሙሱ ላይ «ክሎራሚንንና አሞኒያን» የሚል ፈልጉ። ከዚህ በኋላ ኪቱ ትንሽ አሞኒያ ሊያሳይ ይችላል፤ የታሰረውንም ስለሚቆጥር ነው። በማግስቱ ደግማችሁ ለኩ፤ ማጣሪያው ደህና ከሆነ ይወርዳል።

ደረጃ 4፦ ፓምፑንና አየሩን ፈትሹ

ፓምፑ የኩሬውን ውሃ በሙሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በማጣሪያው ማሳለፍ አለበት። ለ1,700 ጋሎን በሰዓት ከ850 እስከ 1,700 ጋሎን ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ ሳይገፋ የሚያወጣው ነው፤ ፏፏቴያችሁ 4 ጫማ ከፍታ ካለው በዚያ ከፍታ የሚያወጣውን ከካርቶኑ ሰንጠረዥ ላይ ፈልጉ። ባለ 100 ዋት ፓምፕ ሌት ተቀን ሲሠራ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ለቁጠባ ብላችሁ ማታ አታጥፉት። ማታ ዓሣውም፣ አልጌውም፣ ባክቴሪያውም ኦክስጅን ይሻማሉ፤ ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ሊነጋጋ ሲል ነው።

የአየር ፓምፑን ከውሃው ወለል በላይ አስቀምጡት፤ ካልሆነ ቱቦው ላይ የማይመልስ ቫልቭ ግጠሙ። መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። በጁላይና በኦገስት አየሩ ግዴታ ነው፤ በ50 ዲግሪ ፋራናይት ውሃ 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን በሊትር ይይዛል፣ በ86 ዲግሪ ግን 7.5 ብቻ፤ የዓሣው ፍላጎት ደግሞ በሙቀት ይጨምራል።

መብራት ከአምስትና ስድስት ሰዓት በላይ ከጠፋ ማጣሪያው ውስጥ የቆመው ውሃ ይበላሻል፤ ባክቴሪያው በኦክስጅን እጥረት መሞት ይጀምራል። መብራቱ ሲመለስ ፓምፑን ከማብራታችሁ በፊት ያንን ውሃ ወደ ሣሩ ድፉት። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተማ ወደ ኩሬው ፈጽሞ እንዳይገባ።

ደረጃ 5፦ ማጣሪያውንና ወለሉን ማጽዳት

ማጣሪያ ሁለት ሥራ አለው። ስፖንጁና ብሩሹ ቆሻሻ ይይዛሉ፤ ትንንሾቹ የላስቲክ ወይም የሸክላ ቁርጥራጮች ባክቴሪያ ያኖራሉ። ስፖንጁን ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው እጠቡት፤ በሙቀቱ ወራት ይህ በየሳምንቱ ሊሆን ይችላል። የባክቴሪያውን ቁርጥራጭ ግን በጭቃ ካልተደፈነ አትንኩት።

አስተጣጠቡ፦ ከኩሬው አንድ ባልዲ ውሃ ቅዱ፣ ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቁት፣ መልሱት። ቡናማ ሆኖ መቅረቱ ትክክል ነው። በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎራሚኑ ባክቴሪያውን ይገድልና ኩሬው እንደ አዲስ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠብቃል።

የተወረሰ ኩሬ ወለል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የዓመታት ቅጠልና ዝቃጭ አለ። በአንድ ቀን አታውጡት፤ ከሥሩ የታፈነው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ለዓሣ ቀጥተኛ መርዝ። ሲሶውን በመረብ ወይም በኩሬ ቫኪዩም አውጡ፣ አየሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ ሳምንት ቆዩ፣ ቀጥሉ።

ውሃው እንደ ጎመን መረቅ አረንጓዴ ከሆነ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያጠራዋል። አምፖሉ ብርሃን ቢሰጥም ጉልበቱ እየደከመ ስለሚሄድ በየዓመቱ ጸደይ ላይ ቀይሩት። ድንጋይ ላይ የሚንጠለጠለውን ክር መሳይ አልጌ ግን ዩቪ አይነካውም፤ በእጅ ወይም በእንጨት ጠቅልሎ ማውጣት ነው።

ደረጃ 6፦ በየሳምንቱ ውሃ ቀይሩ

በሙቀቱ ወራት በሳምንት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀይሩ። የተነነውን መተካት እንደ ቅየራ አይቆጠርም፤ ውሃው ሲተን ናይትሬቱም ጨዉም ኩሬው ውስጥ ይቀራል።

1. ፓምፑን አጥፉ፤ ከወለሉ አካባቢ ውሃ አውጡ። በምሳሌው ኩሬ 10 በመቶ 170 ጋሎን ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ 4 ኢንች ያህል ይወርዳል። የማቆሚያውን ቦታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ውሃውን ለጎመኑና ለቃሪያው አጠጡ፤ ኩሬው ጨው ካለበት ግን ወደ አትክልት አይሂድ።
2. ማርከሻውን ውሃ ከመግባቱ በፊት አፍስሱ። ጎማውን በቀጥታ ኩሬው ውስጥ የምትከቱ ከሆነ መጠኑን የምታሰሉት ለ170 ሳይሆን ለ1,700 ጋሎን ነው፤ አዲሱ ውሃ ገና ሲገባ ከነባሩ ጋር ስለሚደባለቅ።
3. ጎማው ስንት እንደሚያወርድ አንዴ ለኩ። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ በ30 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 10 ጋሎን ነው፤ 170 ጋሎን በ17 ደቂቃ ይሞላል።
4. ሰዓት ቆጣሪውን በዚያ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ ጎማውን ክፈቱ።

አራተኛውን አትዝለሉት። ጎማ ከፍቶ፣ ስልክ አንስቶ ወይም እንግዳ ተቀብሎ መርሳት ከማናቸውም በሽታ ያልተናነሰ ኮይ ይፈጃል። ኩሬው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስስ ያድርና ማርከሻው ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፤ ጠዋት አንድም በሕይወት ያለ አይገኝም። ሰዓት ቆጣሪ ከሌላችሁ ወንበር አምጥታችሁ ጎማው አጠገብ ተቀመጡ።

ደረጃ 7፦ በቴርሞሜትር መግቡ

ኮይ ጨጓራ የለውም፤ ምግቡ በቀጥታ ወደ አንጀት ነው የሚያልፈው፣ የሚፈጭበትን ፍጥነት የሚወስነውም የውሃው ሙቀት ነው። ስለዚህ የምግብ ሰዓቱን የሚወስነው የውሃው ሙቀት እንጂ የዓሣው ልመና አይደለም። ዓሣው ሁልጊዜ ይለምናል።

- ከ50 ፋራናይት (10 ሴልሺየስ) በታች፦ ምንም።
- ከ50 እስከ 60፦ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በቀላሉ የሚፈጭ የስንዴ ምግብ፣ ዊት ጀርም የሚባለው።
- ከ60 እስከ 70፦ በቀን አንዴ።
- ከ70 እስከ 82፦ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት።
- ከ86 በላይ፦ በጣም ቀንሱ ወይም አቁሙ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ የማያልቀው ትርፍ ነው፤ በመረብ አውጡት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ረፋድ ላይ መመገብ ጥሩ ነው፤ ገና ሲነጋ ኦክስጅኑ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። የተከፈተ ምግብ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ የሻገተውን ጣሉ።

በዓል ሲሆን ኩሬው ዳር ቡና ይፈላል፣ ልጆችም ፋንድሻ ይወረውራሉ፤ ዓሣው አፉን ከፍቶ ሲቀበል ማየት ደስ ስለሚል ትልልቆቹም ይጨምራሉ፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ እንጀራ። ለእንግዶች በትንሽ ሲኒ የዓሣ ምግብ ቀንሳችሁ አቅርቡ፤ ሲኒው ሲያልቅ አለቀ። ለጉዞ ስትወጡም እንዲሁ፦ ለጎረቤት ቆርቆሮውን ሙሉ አትስጡ፣ የየቀኑን በትንሽ ፌስታል ቋጥሩ። ጤነኛ ትልቅ ኮይ ሳይበላ አንድ ሳምንት ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ አንድ ሳምንት ከመጠን በላይ ቢበላ ግን ኩሬው ይታመማል።

ደረጃ 8፦ አዲስ ዓሣ ከመጨመራችሁ በፊት ለዩት

አሞኒያና ናይትራይት ለአንድ ወር ዜሮ ካልሆኑ አትግዙ። ከገዛችሁም አዲሱን ዓሣ የራሱ ማጣሪያ፣ የራሱ መረብና የራሱ ባልዲ ባለው፣ ላዩ በመረብ በተሸፈነ ጋን ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት በ75 ፋራናይት አካባቢ አቆዩት። ምክንያቱ የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ ነው። በሽታው ራሱን የሚገልጠው ውሃው ከ60 እስከ 82 ፋራናይት ሲሆን ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተደብቆ ይቆያል። መድኃኒት የለውም፣ ነባሮቹንም ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል።

ዓሣውን ስታመጡ የመጣበትን የላስቲክ ከረጢት ሳትከፍቱ ለ20 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፉት፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ዓሣውን አውጥታችሁ አስገቡ፣ የከረጢቱን ውሃ ግን ውጭ ድፉት።

ደረጃ 9፦ ብርዱን ማሳለፍ

ኦክቶበር ላይ፣ ቅጠል ከመርገፉ በፊት መረቡን ዘርጉ፤ መሀሉ ውሃውን እንዳይነካ ወጥሩት። ወለሉ ላይ የሚበሰብስ ቅጠል ብርዱን ሙሉ ኦክስጅን ይበላል። ውሃው 50 ፋራናይት ሲደርስ ምግብ አቁሙ። ፏፏቴው ውሃውን ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዘው ይዘጋ፤ የአየር ድንጋዩን ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ ወደ መሀል ጥልቀት አምጡት። ዓሣው የሚያንቀላፋው ሥር፣ ትንሽ ሞቅ ባለው ውሃ ውስጥ ነው፤ እሱን አታማስሉበት።

ዲአይሰሩ ኩሬውን እንዲያሞቅ አይጠበቅበትም፤ ጋዝ የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ በበረዶው ላይ ክፍት ካቆየ በቂው ነው። ቀዳዳው ከተዘጋ በረዶውን በመዶሻ አትምቱ፤ ንዝረቱ በውሃ ውስጥ ዓሣውን ይጎዳል። የፈላ ውሃ ያለበት ድስት በረዶው ላይ አስቀምጡ፣ በራሱ ይቀልጣል።

ማርችና ኤፕሪል ላይ ውሃው ሲሞቅ ጀርሞቹ ከዓሣው መከላከያ ቀድመው ይነቃሉ። ቁስልና ነቀርሳ መሳይ ነገር የሚታየው ያኔ ነው። ሜይ አካባቢ ደግሞ ዓሣው ሲራባ ውሃው አረፋ ያወጣል፣ አሞኒያም ድንገት ይወጣል፤ በዚያ ሳምንት በየቀኑ ለኩ።

ማስጠንቀቂያ

- ልጅ። ትንሽ ልጅ በጥቂት ኢንች ውሃም ይሰጥማል፤ ድምፅም አይሰማም። በሩ የሚቆለፍ አጥር ወይም ሰው የሚሸከም ጠንካራ ፍርግርግ ከዓሣው ቀድሞ ይሠራ። የካውንቲያችሁን የአጥር ደንብ ጠይቁ።
- ኤሌክትሪክ። ኩሬ ዳር ያለ ሶኬት ሁሉ ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ) መሆን አለበት፤ የመሞከሪያውን ቁልፍ በየወሩ ተጫኑ። እጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ይነቀል።
- የትንኝ መርጨት። ጓሮ ለጓሮ እየዞሩ የሚረጩት መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ፓይሬትሮይድ ነው፤ ለዓሣ እጅግ መርዝ ነው። ጎረቤት ሲያስረጭም ኩሬውን በላስቲክ ሸፍኑ። የሣር ማዳበሪያና አረም ማጥፊያም በዝናብ እንዳይታጠብ የኩሬው ጠርዝ ከሣሩ ጥቂት ኢንች ከፍ ይበል።
- ድስት። ዓሣው ካርፕ ነውና ይበላል ወይ የሚል አይጠፋም። የኩሬ መድኃኒቶች፣ በተለይ ማላካይት ግሪን፣ ለሚበላ ዓሣ የተከለከሉ ናቸው፤ ያለፈው ባለቤት ምን እንደጨመረ አታውቁም። ለጾሙ ከገበያ ግዙ።

ዓሣው ሲታመም

ጠዋት ላይ ሁሉም ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፋፍቱ ከሆነ መጀመሪያ አየር ጨምሩ፣ ከዚያ ለኩ። አሞኒያ ካለ 25 በመቶ ውሃ በማርከሻ ቀይሩ፣ ምግብ አቁሙ፣ ዜሮ እስኪሆን በየቀኑ ድገሙ። ናይትራይት ከሆነ 0.1 በመቶ ጨው ጨምሩ፤ ለ1,700 ጋሎን 14 ፓውንድ ነው። የጨዉ ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ እንዳይገባ ይሻማዋል። በባልዲ አሟሙታችሁ በሦስት ቀን ከፋፍላችሁ ጨምሩ፤ ደረቅ ጨው ዓሣው ላይ ካረፈ ያቃጥላል። የኩሬ አበባና ተክል ጨው ይጠላል፣ ጨዉም ከኩሬው የሚወጣው በውሃ ቅየራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስንት እንደጨመራችሁ ጻፉ።

ውሃው ልክ ሆኖ አንድ ዓሣ ብቻ ድንጋይ ላይ እየተፋተገ ወይም ክንፉን አጥፎ ብቻውን ከቆመ ጥገኛ ተውሳክ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት በግምት አታፍስሱ፤ የዓሣ ሐኪም ወይም ማይክሮስኮፕ ያለው የኮይ ነጋዴ የቆዳውን ልጋግ አይቶ ይንገራችሁ። ቅርፊት ተገፎ፣ ወይም አንድ ዓሣ ጠፍቶ ካደረ ደግሞ ሄሮን የሚባለውን ረጅም እግር ወፍ ወይም ራኩንን ጠርጥሩ። ሄሮን ዳር ላይ ቆሞ ነው የሚያድነው፤ መረብ መዘርጋት ከላስቲክ አሻንጉሊት ወፍ ይሻላል፣ አሻንጉሊቱን ቶሎ ይለምደዋል።

ዘወትር የሚታዩ ስህተቶች

- ማጣሪያውን፣ ወለሉንና ውሃውን በአንድ ቀን ማጽዳት። በአንድ ሳምንት አንዱን ብቻ አጽዱ፤ ባክቴሪያው ከሌላኛው ቦታ ይተርፋል።
- ፒኤችን ለማውረድ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ መጨመር። ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል፤ ዓሣውን የሚጎዳው ውጣ ውረዱ ነው። የረጋ 8.2 ደህና ነው።
- ችግሩ ሳይታወቅ ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ ማፍሰስ።
- ውሃ ጎደለ ብሎ ላስቲኩ ተቀዷል ማለት። በሙቀቱ ወራት በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ኢንች መትነን ያለ ነው። ከዚያ በላይ ከጎደለ የአየር ፓምፑ እየሠራ የፏፏቴውን ፓምፕ ለአንድ ቀን አጥፉና ግድግዳው ላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ። መጉደሉ ከቆመ የሚያፈሰው ፏፏቴው ወይም ቱቦው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ጎን ወደ አፈሩ የሚረጭ ውሃ ሆኖ ይገኛል። ካልቆመ ላስቲኩ ነው፤ ውሃው በራሱ የሚቆምበትን ከፍታ አስተውሉ፣ ቀዳዳውም እዚያው መስመር ላይ ዙሪያውን ይፈለጋል። እየወረደ ሄዶ 2 ጫማ ላይ ካልቆመ ግን ዓሣዎቹን ወደ ጋኑ አዛውሩ፣ ጋኑንም በኩሬው ውሃ ሙሉት።